ከቡፌው አውርዱት

ድሬዳዋ ውስጥ የሠርግና የቤት ዲኮር ለሚሠሩ፣ እንዲሁም አበባ ለሚወዱ ሰዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ማራገቢያው ከኋላ ላላችሁት ስለማይደርስ ጠጋ ጠጋ በሉ። ደግሞም የማሳያችሁ ዕቃ ትንሽ ናት፤ ከሩቅ አትታይም።

ይችውላችሁ። መዳፌ ላይ ትቀመጣለች። ወፍራም ብርጭቆ ናት፣ ቀለሟ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። አናቷ ጎበጥ ብሏል፣ ሥሯ ጠፍጣፋ ነው። አሥራ አንድ ቀዳዳ አላት፤ አንዱ መሐል ላይ፣ አሥሩ ዙሪያውን። ገልበጥ ስትደረግ ሦስት ጥቃቅን እግሮች ብቅ ይላሉ። እየተቀባበላችሁ እዩዋት፣ ግን በሁለት እጅ። ስታዩዋት ቀላል ትመስላለች። ስትይዟት ነው ጉዷ የሚታወቀው።

ምን ትመስላችኋለች? «የእስክሪብቶ ማስቀመጫ» የሚል ሰማሁ። እዚያ ጋ ደግሞ «የጥርስ ብሩሽ» ተባለ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ እዚህ ከተማ ባየኋቸው ቤቶች ውስጥ ሥራዋ እሱ ነው። አንዱ ቤት የሕንድ እጣን ይሰካባታል። ሌላው ቤት ቡፌ ውስጥ ከስኒዎቹ ኋላ ቆማ አቧራ ትጠጣለች። የተሠራችው ግን አበባ እንድትይዝ ነው። ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትቀመጣለች፣ ውሃ ይጨመራል፣ የአበባው ግንድ በቀዳዳዋ ይገባል። በቃ። እሷ ከሌለች በዝርግ ሳህን ላይ አበባ ቀጥ ብሎ አይቆምልህም፤ ወደ አንድ ጎን ይተኛል።

ኢንተርኔት ላይ መፈለግ የምትፈልጉ «ፍላወር ፍሮግ» ብላችሁ ፈልጉ። የጃፓኖቹ ባለ መርፌ ብረት «ኬንዛን» ይባላል። እኔ ዛሬ በአማርኛ «አበባ መትከያ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልንገራችሁ የመጣሁት ነገር አጭር ነው። ይህች ዕቃ የሥራ መሣሪያ ናት። አሮጌ ስለሆነች ብቻ እንደ ጌጥ ከቆለፋችሁባት ከነክብሯ ሥራ ፈት አደረጋችኋት። በተለይ ድሬና ሐረር ላይ፣ በዚህ ሙቀትና በዚህ ውሃ፣ አሁን ከምንጠቀምባቸው ብዙ ነገሮች ትሻላለች። ስብስብ የምትጀምሩ ካላችሁም ለመሥራት ብላችሁ ሰብስቡ።

ትንሽ ስለ ትውልዷ። የብርጭቆ አበባ መትከያ በብዛት የተሠራው ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጌትስሄድ የምትባል ከተማ አለች፤ ዴቪድሰንና ሶወርቢ የሚባሉት ፋብሪካዎች እዚያ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ፌንተን፣ ሃይዚ፣ ካምብሪጅ ነበሩ። አሠራሩ ተራ ነው። የቀለጠ ብርጭቆ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይጨመራል፤ ከላይ ዘንግ ዘንግ ያለው መጫኛ ይወርድበታል፤ ዘንጎቹ የነበሩበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከጎኗ በጥፍራችሁ ብትዳብሱ ቀጭን መስመር ታገኛላችሁ። ቅርጹ ሁለት ሆኖ የተገጠመበት ቦታ ነው። የእጅ ጥበብ ነው ብሎ በውድ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ያንን መስመር አሳዩት። የፋብሪካ ዕቃ ናት፤ በዘመኗም የተራ ቤተሰብ ዕቃ ነበረች። ብዙ ጊዜ ከሳህኗና ከሁለት ሻማ ማስቀመጫ ጋር አንድ ላይ ተሰድራ ነበር የምትሸጠው።

ድሬ እንዴት ደረሰች? የእያንዳንዷን መንገድ ማንም አልመዘገበውም። ግን ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ መሐል ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ለብዙ ጊዜ የሚራገፈው እዚህ ነበር። ከዚራ ሰፈር ላይ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዐረቡ ሱቅና ቤት ነበራቸው። ሰው አገር ሲቀይር ደግሞ ብርጭቆ አይሸከምም፤ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ለሠራተኛ ይተዋል፣ ይሸጣል። እናንተም አያቶቻችሁን ጠይቁ። «ይቺን ከማዳም ነው ያገኘኋት» የሚል መልስ ሰምቼ አውቃለሁ።

ታዲያ ለምን ተረሳች? በ1954 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ አንድ ስሚዘርስ የሚባል ሰው አረንጓዴውን ስፖንጅ ይዞ መጣ። ኦአሲስ የምንለውን። ውሃ ይጠጣል፣ አበባው በፈለጋችሁበት አቅጣጫ ይሰካል፣ ይቆማል። ለአበባ ሻጭ ተአምር ነበር። ቀዳዳ መምረጥ የለ፣ ማሰብ የለ። የብርጭቆዋ ገበያ ቀስ በቀስ ሞተ። እዚያው ኦሃዮ የነበረው ካምብሪጅ ፋብሪካም በ1958 ለመጨረሻ ጊዜ በሩን ዘጋ። ስፖንጁ ብቻውን ዘጋው ማለቴ አይደለም፤ ርካሽ ብርጭቆና ፕላስቲክም ነበሩበት።

ስፖንጁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሠርግ ባለቀ ማግስት የት እንደሚጣልም ታውቃላችሁ። ከፕላስቲክ ዘር ነው፤ ይፈረፈራል እንጂ አይበሰብስም። አውስትራሊያ ውስጥ በተደረገ ጥናት የውሃ እንስሳት ፍርፋሪውን እንደሚውጡት ታይቷል። የእንግሊዙ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአበባ ትርዒቶቹ ላይ ከልክሎታል። እኛ ዘንድ ግን ከዚህም የቀረበ ምክንያት አለ። ከውጭ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት። አንዴ የተወጋ ቦታ ደግሞ መልሶ አይጠግግም። አበባውን ነቅላችሁ ትንሽ ከፍ ብታደርጉት ከሥሩ አየር ይቀርና ግንዱ ውሃ ያጣል። ድሬ ላይ፣ ግንቦት ላይ፣ ውሃ ያጣ ጽጌረዳ ማታ አይደርስም። ምሳ ሰዓት ላይ አንገቱን ይደፋል።

ብርጭቆዋ ጋ ይህ የለም። ግንዱ ቀጥታ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ውሃው ሞቀ? ታፈሱታላችሁ፣ አዲስ ትጨምራላችሁ፤ አበባው ከቦታው አይነቃነቅም። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጽጌረዳው ከዝዋይም ይምጣ ከሆለታ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው እዚህ የሚደርሰው። ደክሞ የመጣ እንግዳ ነው። ንጹሕ ውሃ ካላገኘ አይቆይም። በሙቀት አበባው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ስኳሩን ይጨርሳል፤ ባክቴሪያው ደግሞ በሞቀ ውሃ ውስጥ ይራባና የግንዱን ቧንቧ ይደፍናል። ስለዚህ እዚህ አገር ውሃ በየቀኑ መቀየር አለበት። ስፖንጅ ውስጥ ያለውን ውሃ መቀየር ማን ይችላል?

አሁን ዕቃዋን ወደ መሰብሰቡ። ገንዘባችሁን የምታወጡት እዚህ ስለሆነ ረጋ ልበል።

መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ። ቀልዴን አይደለም። የእናታችሁ ቡፌ፣ የአክስታችሁ ቁም ሳጥን፣ ተሰብራ ሳትጣል የቀረች ሳህን ውስጥ። ከዚያ ቆራሌውን አናግሩት። «ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብርጭቆ ካገኘህ አምጣልኝ» በሉት፤ ምናልባት ይስቅባችኋል፣ ግን ያመጣል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ስትገቡ ደግሞ መደርደሪያውን ትታችሁ መሬት ያለውን ካርቶን ጠይቁ። የሚያምረው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ምንነቱ ያልታወቀው ካርቶን ውስጥ ነው። ሐረር ጁገል ውስጥም እንደዚያው። እዚያ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቱሪስት የለመደ ሻጭ ሁሉንም ዕቃ ሐረር የኖረው የፈረንሳዩ ገጣሚ የራምቦ ዘመን ያደርግላችኋል። ዝም ብላችሁ ስሙና ዋጋውን ብቻ ተከራከሩ።

ስትይዟት ምን ታያላችሁ? ጥፍራችሁን በየቀዳዳው አፍ ላይ አዙሩ። ጥቃቅን ስብራት ያለው እዚያ ነው፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ግንድና መቀስ ሲገባበት የኖረ ነው። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሷት። ውስጧ የሚያብረቀርቅ ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ ስንጥቅ ነው፤ ተዉት፣ አንድ ቀን ሳህን ውስጥ ለሁለት ትከፈላለች። ከዚያ ገልብጧት። አሮጌ ዕቃ ሥሯ ተጭሯል፤ በየአቅጣጫው የሄደ፣ ጥሩ፣ ደቃቅ ጭረት። ሥሯ ልስልስ ያለ፣ ጠርዞቿ የሚቆርጡ ከሆኑ አዲስ ናት። አዲስ መሆኗ ኃጢአት የለበትም። ለሥራ ያው ናት። ዋጋዋ ግን የአዲስ ይሁን።

መብራቱን አጥፉልኝ እስቲ። አመሰግናለሁ። ዛሬ እንኳ እኛ አጠፋነው፤ ሌላ ቀን ሳይጠየቅ ራሱ ይጠፋል። ይህች ሱቅ ውስጥ ብር የሚፈተሽባት ሐምራዊ መብራት ናት። ሐሰተኛ ብር መለያዋ። ብርጭቆዋ ላይ ላብራ…

አያችሁ? ያ ፈዛዛ አረንጓዴ አሁን እሳት ሆነ። ዩራኒየም ነው። አትደንግጡ! ከ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብርጭቆ ሠሪዎች ለቀለም ብለው ጥቂት ዩራኒየም ይጨምሩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥታት ዩራኒየሙን ለሌላ ሥራ ፈለጉት፤ ብርጭቆውም ለዓመታት በአብዛኛው ቀረ። አበባ ለመያዝ ምንም አትልም። ምግብና መጠጥ ግን አታድርጉባት። እንዲህ ደምቃ ካበራች ዕድሜዋን ለመገመት ጥሩ ፍንጭ ናት። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ካያችሁ ግን አትጓጉ፤ ማንጋኒዝ ያለበት ተራ ብርጭቆም ትንሽ ያበራል። መብራቱን አብሩት።

ማንጋኒዝ ካልኩ አይቀር፣ ይህቺን ለድሬ ሰው መንገር አለብኝ። አሸዋ ውስጥ ብረት አለ፤ ብርጭቆውን ያሳርረዋል፣ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። የድሮ ሠሪዎች ያንን ለማጥራት ማንጋኒዝ ይጨምሩ ነበር። ጠርቶ ነጭ ይወጣል። ያ ነጭ ብርጭቆ ለዓመታት ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ግን ሐምራዊ እየሆነ ይሄዳል። እኛ ፀሐይ አላነሰንም። በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ላይ የኖረች ሐምራዊ መትከያ ካገኛችሁ፣ ምናልባት ስትወለድ ነጭ ነበረች። አንዳንድ ሻጮች ዋጋ ለመጨመር በጨረር ሆን ብለው ያጠቁሯታል። በጣም የጠቆረ፣ ወጥ የሆነ ወይን ጠጅ ቀለም ስታዩ ጠርጥሩ። ሌላም ምክንያት አለ ከፀሐይ የምታነሷት። ጎበጥ ያለ ወፍራም ብርጭቆና ውሃ የሞላ ሳህን ጨረር ሰብስቦ ጨርቅ ሊያቃጥል ይችላል። መጋረጃ አጠገብ አይሆንም።

አሁን የማልስማማበትን ልናገር። ሰብሳቢዎች የሚሽቀዳደሙት ምስል ላላቸው ነው። ካምብሪጅ የሠራት ጨርቅ የተጎናጸፈች ሴት አለች፤ ሃይዚ የሠራቸው ወፎች አሉ። መሐል ላይ ምስሉ ይቆማል፣ ቀዳዳዎቹ እግሩ ሥር ናቸው። ያምራሉ፤ አልዋሽም። ግን አበባ አድርጋችሁ እዩ። አበባው በዛ ሲባል ሴትዮዋ ትሸፈናለች፤ ሴትዮዋ እንድትታይ ሲባል አበባው ያንሳል። ሁለቱ ሲጣሉ ነው የሚያመሹት። የአንዷ ሴትዮ ዋጋ ብዙ ተራ ባለ ቀዳዳዎችን ይገዛል። እኔ ተራዋን እመርጣለሁ፤ ከባዷን፣ እግር ያላትን፣ ቀዳዳዋ ሰፋ ያለውን። እግሩ ለምን መሰላችሁ? ውሃው ከሥሯ እንዲዘዋወር ነው። ቀዳዳው ታች ድረስ የማያልፍ አለ፤ ያንን አልወደውም። ቆሻሻ ይይዛል፣ አይታጠብም።

«ጌጥ ማስቀመጥ ምን ነውር አለው?» የሚል አይጠፋም። ምንም። ሐረር የአደሬ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ፤ ግድግዳው ሙሉ ስፌት፣ ሳህን፣ ዕቃ ነው። ዓይን አይጠግብም። ግን ድግስ ሲሆን ስፌቱ ይወርዳል፣ ሥራ ይሠራል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። እኔም የምለው ያንን ነው።

ስለ እጥበት አንድ ሁለት ነገር። የድሬ ውሃ ኖራ አለበት፤ ጀበናችሁና ማንቆርቆሪያችሁ ምስክር ናቸው። ዙሪያችን የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካው እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረርም ብትሆን ዓለማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከዚሁ ከድሬ በኩል የሚሳብ ውሃ ትጠጣለች። ስለዚህ ብርጭቆዋ ላይ ነጭ ቀለበት መሥራቱ አይቀርም። መድኃኒቱ አቼቶ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል አድርጋችሁ አሳድሯት፤ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ፈተግ፣ ቀዳዳውን በጠርሙስ መጥረጊያ ሽቦ። ሎሚም ይሠራል። በቢላ አትፋቋት። ነጩ በአቼቶ ካልለቀቀ ኖራ አይደለም፤ ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፣ አይመለስም። ግን ውሃ ውስጥ ስትገባ አይታይም፤ ርካሽ ግዙና ሥሩባት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ይህን ጻፉት። አቼቶና በረኪና አንድ ላይ አይገናኙም። መርዝ ጋዝ ይወጣል። በአንዱ ስታጥቡ ሌላውን ከክፍሉ አውጡት።

ሌላው ጠላቷ የሙቀት ለውጥ ነው። ወፍራም ብርጭቆ ላዩ ሲሞቅ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ያኔ ይሰነጠቃል። የፈላ ውሃ አታፍሱባት። ፍሪጅ ውስጥ የነበረችውን አውጥታችሁ ከሮቶ የመጣ የቀትር ውሃ ሥር አትያዟት። የቀትር የሮቶ ውሃ ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረውም፤ ለአበባውም አይሆንም። ውሃችሁን በጠዋት ቅዱ፣ በጀሪካን ጥላ ሥር አቆዩ።

እንግዲህ እንሥራ። ጠረጴዛው ላይ ጠጋ በሉ።

ሳህኑ ደረቅ ነው። መትከያዋም ደረቅ ናት። እርጥብ ብርጭቆ እርጥብ ሳህን ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከሥሯ የብስክሌት ጎማ የውስጡን ላስቲክ ቁራጭ አደርጋለሁ። ድሮ ልዩ ጭቃ ነበራቸው። ላስቲኩ ይበቃል። መሐል ላይ አላደርጋትም፤ ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጌ ነው። ለምን? መሐል ላይ ስትሆን ኬክ ይመስላል። ውሃውን እጨምራለሁ፤ አናቷን እስኪሸፍን።

ቅጠል ይቀድማል። የኒም ቅርንጫፍ፣ አጭር፣ ሦስት። ከውሃ በታች የሚሆነውን ቅጠል ሁሉ እላጫለሁ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይሸታል። ቅርንጫፎቹን በጠርዝ ባሉት ቀዳዳዎች አስገባለሁ። አያችሁ፣ አናቷ ጎበጥ ስላለ ግንዱ ወደ ውጭ ይዘምማል። አቅጣጫውን እሷ ሰጠችኝ። ከሥር ደግሞ ግንዶቹ ይጠላለፋሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው አበባ በዚያ መረብ ይያዛል።

አሁን ጽጌረዳ። ቁመቱ ስንት? የሳህኑን ስፋት ውሰዱ፣ ግማሹን ጨምሩበት። ይህ ሳህን ሠላሳ ሳንቲ ነው፤ ስለዚህ ረጅሙ አርባ አምስት አካባቢ። ግንዱን ውሃ ውስጥ አድርጌ በሰያፍ እቆርጣለሁ፤ አየር እንዳይገባበት። መሐለኛው ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ተንቀጠቀጠ አይደል? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተናዶ ይተዋታል። ብርጭቆ እንደ ስፖንጅ አይጨብጥም። ዘዴው ግንዱ ሳህኑን እስኪነካ መግፋት፣ ከዚያ ወደ ቀዳዳው ግድግዳ ማስደገፍ ነው። ታች አንድ ቦታ፣ ላይ አንድ ቦታ። ሁለት ቦታ ከነካ ይቆማል። አሁንም ከላላ፣ ከቆረጣችሁት ግንድ አጭር ቁራጭ ወስዳችሁ ጎኑ ላይ ሽብልቅ አድርጉለት። ይኸው። ነካኩት፤ አይወድቅም።

ሁለተኛው ዝቅ ይላል፣ ሦስተኛው ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ እናንተ ያያል። ሦስት ጽጌረዳ ነው የተጠቀምኩት። ስፖንጅ ቢሆን አረንጓዴውን ለመሸፈን አሥራ አምስት እፈልግ ነበር፤ እዚህ ግን የሚሸፈን ነገር የለም። ብርጭቆዋ ብትታይስ?

ቡገንቪሊያ በየአጥሩ አለን፤ በነፃ። ግን ይጠወልጋል ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ከነቅጠሉ ከሆነ። አረንጓዴ ቅጠሉን ሁሉ ላጩት፤ ባለ ቀለሙ ብቻ ይቅር። ከዚያ መላውን ቅርንጫፍ ለተወሰነ ጊዜ ውሃ ውስጥ ድፈቁት። ቀለም ያለው ክፍል ራሱ ቅጠል ነው፤ አበባው መሐሉ ላይ ያለው ሚጢጢ ነጭ ነው። ሁለት ቅርንጫፍ ወደ ጎን፣ ከሳህኑ ወጥቶ እንዲንጠለጠል። አለቀ።

ቀጭን ግንድ ያለውስ? ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ስታገኙ አንድ በአንድ አትልከፍከፉ። አምስት ስድስቱን በክር እሰሩና እንደ አንድ ግንድ አስገቡት። ሪሃንም እንዲሁ። ሪሃን ሳሎኑን ያውደዋል፤ አበባ ከጠፋ ሪሃን ብቻውን ይበቃል። የድሬዳዋ ዛፍ አበባ ግን አትቁረጡ፤ ግንድ ላይ አይቆይም። የረገፈውን ለቅማችሁ መትከያዋ ዙሪያ ውሃው ላይ አንሳፍፉት። ቀዩና አረንጓዴው ብርጭቆ ሲገናኙ እዩት።

ውሃው ውስጥ ጥቂት ጠብታ በረኪና ለአንድ ሊትር፤ ከዚያ አይበልጥ። በየጠዋቱ መቀየር። ሳህኑን ሳታነሱ በትንሽ ጣሳ ቅዱና አፍስሱ፣ በጆግ ሙሉ። ያ ውሃ ለአትክልት ይሆናል፤ አይጣል።

ጥያቄ? እሺ አንቺ።

«አቦ እኔ ሠርግ ነው የምሠራው። ሃምሳ ጠረጴዛ ነው። ከየት አመጣለሁ?»

አታመጪም። ሃምሳ አሮጌ መትከያ ከየትም አይገኝም፤ ቢገኝም ግማሹ ይሰበራል፣ ሩቡ በእንግዳ ቦርሳ ይሄዳል። ለሃምሳው ጠረጴዛ የዶሮ ሽቦ ውሰጂ፤ ኳስ አድርገሽ አጣጥፊና ሳህን ውስጥ ጨምሪ። ታጥቦ ለሌላ ሠርግ ያገለግላል። ሽቦው ሳህኑን ስለሚጭር ርካሽ ሳህን ይሁን። መትከያዎቹን ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ አድርጊ። ካሜራ የሚያየው እሱን ነው፤ ሰው ቀርቦም የሚያየው እሱን ነው። ደግሞ ለኪራይ ብታደርጊያቸው ማስያዣ ተቀበይ።

«የጃፓኑ ባለ መርፌ አይሻልም?»

ለቀጭን ግንድና ለብቸኛ አበባ ይሻላል። በደንብ ይጨብጣል። ግን አብዛኛው እርሳስ የሚባለው ብረት (ሊድ) ነው፤ ውሃው ውስጥ ይቆያል፣ እጅ ይወጋል። ልጅ ያለበት ቤት አልመክርም። ከነካችሁት በኋላ እጅ መታጠብ ነው። ሁለቱንም የያዘ ሰው ደግሞ አይጎዳም።

ከኋላ፣ እማማ እርስዎ።

«እኔ ያለችኝ አፏ ተሸርፋለች። ልጣላት ወይ?»

አይጣሏት እማማ። ስንጥቁ ወደ ውስጥ ካልሄደ ደህና ናት። የሚቆርጠውን ጠርዝ ደቃቅ የሆነውን የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አርጥበው በቀስታ ይሹት። ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፤ የብርጭቆ ዱቄት ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ጣትዎን ሲያዞሩት ካልያዘዎት በቂ ነው። ከዚያ የተሸረፈውን ወደ ግድግዳ ያዙሩትና አበባዎን ያድርጉ። ሰብሳቢ አይገዛዎትም፤ ጽጌረዳው ግን ልዩነቱን አያውቅም። ነገ ይዘዋት ይምጡ፣ ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ።